ለሞጣው ሰርግ ጽጌረዳ

ታኅሣሥ 20
ዛሬም አንዱን የውሃ አበባ ደፋሁት። ውሃው ደፈረሰ። የታችኛውን ቅጠል ሳላራግፍ አስገብቼ ነው... የአበባ ሥራ መጽሐፉ አራግፊ ይላል፣ የማልሰማው እኔ ነኝ።
ሁለተኛው ግን አማረ። የጽጌረዳውን እግር ከድንጋይ ጋር በክር አሰርኩ። ድቡልቡሉን ብርጭቆ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አጥልቄ፣ አበባውን ከትቼ፣ አፉን እዚያው ውሃው ውስጥ በሳህን ከድኜ ገለበጥኩት። አንድ አረፋ አልቀረም።
ጎረቤቴ ፋንታ አይቶ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ ደግሞ አበባ ማስጠም ጀመርሽ?»

ታኅሣሥ 27
ማስተዋል ከሞጣ ደወለች። የባሌ እህት የእትየ ታንጉት ልጅ። ጥር 24 ታገባለች።
«እትየ፣ ያን የውሃ አበባ ፎቶውን አየሁት። ለሙሽራ ጠረጴዛ ይሥሩልኝ።»
«ሠርቼ እልክልሻለሁ።»
«በዚህ መንገድ? ውሃው ከቢቸና ጉንደ ወይን ሳይደርስ ተደፍቶ ያልቃል! መጥተው እዚሁ ይሙሉት።»
እዚያ ቤት... ባሌ ገብረ ሚካኤል ከሞተ ሰባት ዓመት፣ ደጁን አልረገጥኩም።
«እናትሽ ምን አሉ?»
«እማዬ ሰምታ ጓዳ ገባች።»

ጥር 2
ልሂድ? ብቀርስ?
ገብረ ሚካኤል ሲደክም «እቴን ጥሪልኝ» አለኝ፣ እህቱን። «ልኬባቸዋለሁ፣ መንገድ ላይ ናቸው» አልኩት። አልላክሁም። እትየ ታንጉት ከመጡ አባቱ ወዳረፈበት ወደ ሞጣ ይወስዱብኛል ብዬ ፈራሁ። መቃብሩ እዚሁ ቢቸና፣ ከደጄ እንዲሆንልኝ...
መርዶው የደረሳቸው ከቀብር በኋላ ነው። በዚያ ነው የተቀየሙኝ። እንደጠራቸው ግን አያውቁም። ሲጠብቃቸው እንደሞተ አያውቁም።

ጥር 22
ሞጣ ገባሁ። ዳስ ተጥሏል፣ ግቢው ሁካታ ነው። እትየ ታንጉት አልሳሙኝም። እጃቸውን ሰጡኝ፣ እንደ ባዳ።
አረፋ እንዳይዝ ውሃ አፍልቼ ለነገ እንዲቀዘቅዝ አስቀመጥኩ።

ጥር 23
ብርጭቆውን ስገለብጥ ሳህኑ ተንሸራተተብኝ። ማን እንዳለ ሳላይ «ያዙልኝ!» አልኩ። እትየ ታንጉት ነበሩ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ነከሩና ያዙት።
አበባውን እያዩ «ሲሞት ምን አለ?» አሉ።
እጄ ውሃ ውስጥ ነው። ወዴት ልሂድ?
«እቴን ጥሪልኝ አለኝ።»
«አንቺስ?»
«መንገድ ላይ ናቸው አልኩት።»
ሳህኑን አልለቀቁም። አብረን ገለበጥነው፣ አብረን ጠረጴዛው ላይ አኖርነው። ክንዳቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።
«ነገ የልጄ ሰርግ ነው» አሉ። «ቤቴ ውስጥ እንዳታለቅሺ።»

ጥር 25
ትናንት ሰው ሁሉ አበባውን ከቦ ዋለ። አንዲት አሮጊት «ውይ! ይኸ ነገር እንዴት ይተነፍሳል?» ብለው አሳቁን። እኔም አብሬ ሳቅሁ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?
ልሰናበት ብል እትየ ታንጉት ከጓዳ አልወጡም።

የካቲት 8
ፋንታ እየሮጠ መጣ። «አንዲት ሴት ባልሽ መቃብር ላይ ተደፍተዋል!»
ሄድሁ። እትየ ታንጉት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር አላለፍኩም። «መጣሁልህ፣ ወንድሜ... መጣሁልህ» ይላሉ። ደጋግመው አሉት።
ሲወጡ አዩኝ።
«አፅሙን ወደ ሞጣ ላፈልሰው ነው። ካህናቱን አነጋግሬአለሁ። ትከለክዪኛለሽ?»
በየሰንበቱ የምቀመጥበት ድንጋይ ከኋላቸው ይታየኛል። 
«አልከለክልም።»
መንገድ ሲጀምሩ ድምፄ አምልጦኝ ወጣ። «አፅሙ የሚወጣ ዕለት... እንድገኝ ይፈቅዱልኛል?»
ቆሙ። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።
«እኔስ እጠራሻለሁ» አሉ።