በራጅ የታየች ፀሐይ

ዓርብ፣ ሰኔ 5 ቀን 2012

የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ኮሮና ዘጋው እንጂ የአርብ ገበያ ከተማን ገበያ የሚዘጋ አልተገኘም። ምስር ገዛሁ። ተወዷል።

ማቴዎስ መጣ። ወንድሜ ድጓ ሊያስመሰክር ቤተ ልሔም የአብነት ትምህርት ቤት ከገባ ሁለት ዓመት አለፈው። ከስቷል... የራሱን የድጓ መጽሐፍ በእጁ እየጻፈ ነው። ከፊደሉ በላይ የሚደረደሩት የዜማ ምልክቶች ከጤፍ ፍሬ አይበልጡም። እስከ መስከረም ይጨርሳል። ከዚያ የኔታ ገብረ መድኅን ፊት ቆሞ ማስመስከር ብቻ ነው የሚቀረው፤ መምህር ይሆናል። እናታችን ይህን ሳታይ መሞቷ ያንገበግበኛል።

በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ፀሐይ እንደምትጋረድ ነገርኩት። በእኛ ሰማይ ቀለበት ሆና እንደምትታይም። ወዲያው ስለ ስቅለት ጠየቀኝ። ያን ዕለት የጨለመው በዚህ ነው የሚሉ አሉ? አሉ አልኩት፤ ግን አይሆንም። ፋሲካ የሚውለው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ነው፤ ፀሐይ የምትጋረደው ደግሞ ጨረቃ ጠፍታ ልትወለድ ስትል። ባሕረ ሐሳብ ተምሯል፣ አልጠፋውም። ፊቱ በራ።

“እንግዲያ ተአምር ነው” አለኝ።

“ወይም የአቧራ ማዕበል” አልኩት።

ምን አስለፈለፈኝ? የሰው ደስታ ላይ ውሃ ካልቸለስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

በጠዋት ሄደ። የኔታ በዚያ እሁድ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ ግንባሩን መሬት ነክቶ ምሕላ ይያዝ ብለዋል አለኝ። እሱ ግን ሊያይ ነው። ስንት ያህል እንደሚጨልም፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ በዓይኑ አይቶ ስለ አቧራው መልስ ሊሰጠኝ። ሳቅሁ። የእናታችንን የደረት ራጅ ከሳጥን አውጥቼ ሰጠሁት፣ በዚህ እያት አልኩት። ፌስቡክ ላይ በራጅ ፊልም ይታያል ሲሉ አይቻለሁ። ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥቶ የጎድን አጥንቷን ብዙ ጊዜ ሲያይ ቆየ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13

ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች ልጅ መልእክት ላከችልኝ። “በራጅ ፊልም እንዳታዩ። የማይታየው ጨረር ያልፋል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ሲያቃጥል ደግሞ አያምም።”

አስረኛ ክፍል የማስተምረው ምዕራፍ እኮ ነው። በራሴ አፍ።

ማቴዎስ ስልክ የለውም። የባለሱቁ የታሂር አይሱዙ ከምሳ በኋላ በቤተ ልሔም በኩል እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ታሂር ሰው የላከውን የሚረሳ ነጋዴ አይደለም። ሱቁ በር ድረስ ሄድኩ። ምን ልበለው? የፊዚክስ አስተማሪዋ ተሳስታለች በልልኝ? ሳሙና ገዝቼ ተመለስኩ።

አሁን እየዘነበ ነው። ሰማዩ እንዲህ ካደረ ነገ ፀሐይም አትታይ...

እሁድ፣ ሰኔ 14

ጠራ። አንድ ደመና የለም።

ካርቶን በስቼ ግድግዳው ላይ አየኋት። ቀጭን ቀለበት ሆነች። ወፎቹ ዝም አሉ፣ በረደኝ። እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር አይቼ አላውቅም። ምሳ አልበላሁም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18

ማቴዎስን አንድ የቆሎ ተማሪ አድርሶት ሄደ። ለመራመዱ ይራመዳል። በሩን አላጣውም። ተቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

“ፊትሽ የለም” አለኝ። “ነጠላሽ ግን አለ።”

የሚያተኩርበት ነገር ይጠፋበታል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ይታየዋል። ሌሎቹ ሲሰግዱ እሱ ከቅጥሩ ኋላ ቆሞ፣ ፀሐይዋ መነከስ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሳ ሙሉ እስክትሆን ድረስ በራጁ አይቷት ኖሯል።

“ያን ያህል አይጨልምም እኮ፣ እታለም። ሰው ከሰው መለየት ይቻላል። ጨረቃ ያላጨለመችውን አቧራ አያጨልመውም፤ የስቅለቱ ሌላ ነው።”

ደስ ብሎት ነው የሚነግረኝ! ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሳውልም በደማስቆ መንገድ በብርሃን ታውሮ ነበር፣ ኋላ ተፈወሰ ይላል። እሱንም ፀሐይ ነው የመታችው ብለው የሚጽፉ አሉ፤ አንብቤያለሁ። ዛሬ አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ ሰኔ 29

ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ በመሣሪያ አየውና የዓይኑ መኻል ተቃጥሏል አለን። ሁለቱም። መድኃኒት የለውም። የሚሻላቸው አሉ፣ ጊዜ ስጡት አለ። በመመለሻው መኪና ማቴዎስ እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ጉና ተራራን እያየሁ መጣሁ።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ። ልጆች እየጮሁ ይታጠባሉ። እሱም ወጥቶ ቆመበት፣ ዓይኑን ገልጦ። ከዚያ ገባና ድጓውን ዘረጋ። አጠፈው። ልብሱን እንኳ አልቀየረም።

ቅዳሜ፣ መስከረም 30

የኔታ ራሳቸው መጡ፣ በዚያ ጉልበታቸው። ማቴዎስ እግራቸው ላይ ወደቀ። ዜማውን በቃሉ ይዞታል፣ ማኅሌት ይቁም፣ ማንም አይከለክለውም አሉ። ማስመስከሩ ግን አይሆንም። ያስመሰከረ መምህር የሌላውን ሰው መጽሐፍ ማረም አለበት፤ ምልክቱን የማያይ ምን ያርማል?

ስሸኛቸው በር ላይ ቆሙ። “ፊልሙን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?”

“አዎ፣ የኔታ። አላወቅሁም ነበር።”

ለካህን ዋሸሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ዘዴ አግኝቷል። ሰው ማየት ሲፈልግ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ በዓይኑ ዳር ያያል። ጎረቤቶቻችን አኩርፏት ነው፣ እህቱን ማየት ተጸየፈ ይላሉ። እያስረዳሁ ደከመኝ። ዞር ሲልልኝ ነው የሚያየኝ። እራት ስንበላ ሁልጊዜ ፊቱ ወደ በሩ ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 4

ቡና ቤት ውስጥ አንዱ “እህትህ አጠፋችህ” ቢለው ተጣልቶ መጣ። ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ እኔን እያየ ያጽናናኝ ጀመር።

“አንቺ ምን አደረግሽ? ባታውቂ ነው። ብታውቂ ኖሮ በእግርሽም ትመጪ ነበር።”

ይህን መሸከም አቃተኝ። ነገርኩት። መልእክቱ ቅዳሜ እንደደረሰኝ። ታሂር ሱቅ በር ድረስ መሄዴን። ሳሙናውን። ማፈሬን።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

“አይሱዙው በቤተ ልሔም በኩል አለፈ?”

“አለፈ።”

ያኔ ፊቱን ከበሩ መልሶ ቀጥ ብሎ አየኝ። ከሰኔ ወዲህ ፊት ለፊት ስንሆን የመጀመሪያችን ነው። እንደዚያ ሲያይ እኔ እንደማልታየው ሁለታችንም እናውቃለን። እስኪመሽ ድረስ ፊቱን አላዞረም።