መሃሉን መልሱልን

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? በሬዲዮ ድምፅሽን ስሰማ ጉንፋን የያዘሽ መሰለኝ፤ ጠዋት ጠዋት ስትወጪ አንገትሽን ሸፈን አድርጊ። እኛ ደህና ነን። አባባ ዓይኑ ደከመ እንጂ ጆሮው እንደ ድሮው ነው፤ ጎረቤት ለሚያወራው ከዚህ ሆኖ መልስ ይሰጣል። እኔም ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አልወጣሁም፤ ልጆቹ የገነጠሉትን መጽሐፍ እለጥፋለሁ። ጽሕፈቴ እንደምታውቂው ከጋዜጣ ቁራጭና ከዕቃ መጠቅለያ ላይ እየለቀምኩ የተማርኩት ነውና ስህተቱን እለፊልኝ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ያኔ የምሠራበት ሲኒማ ቤት አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የሙጫው ሽታ ይመጣብኛል። ከላይ ባለችው ጠባብ ክፍል የተበጠሰ ፊልም ስቀጥል አንቺ ከትምህርት ቤት መጥተሽ ወለሉ ላይ ትቀመጫለሽ። የወዳደቀውን ቁራጭ ወደ መስኮቱ አንስተሽ እያየሽ "ይቺ ሴትዮ እያለቀሰች ነው ወይስ ሊያስነጥሳት ነው?" ትይኛለሽ። ከዚያ ሁለቱንም ትሠሪልኛለሽ፤ ልቅሶውንም ማስነጠሱንም። ሳቄ ሲመጣ መቀሱን አስቀምጥ ነበር። ማሽኑን የሚያጫውተው ሰውዬ "ይቺ ልጅ ከፊልሙ ትበልጣለች፤ ትኬት ሸጠን እሷን ብናሳይ ይሻለናል" ይል ነበር።

አድገሽ የተጫወትሽበት የመጀመሪያ ፊልምሽ ዓርብ ዕለት እጄ ገባ። የሚታየው እሁድ ከሰዓት ነበር። ጥቅሉን እያዞርኩ በማጉያ መስታወት ሁሉንም አየሁት። ፊልሙ ላይ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፍለጋ ስትዞሪ ውለሽ ክፍልሽ ትገቢያለሽ። የአከራይሽ ልጅ በሩ ላይ ይቆማል። ቀሚስሽን ትንሽ ሰብሰብ አድርገሽ እግርሽን ሳፋ ውስጥ ትታጠቢያለሽ፤ መሃል ላይ እንባሽ ይመጣል። እሱ ፎጣ ወንበሩ ላይ ያስቀምጥልሽና በሩን ዘግቶ ይሄዳል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ቢበዛ አርባ ሰከንድ ነው።

እህቴ፣ ያንን የቆረጠው ሳንሱር አይደለም። እኔ ነኝ።

ቀሚስሽን ከያዝሽበት ጀምሮ እሱ እስኪወጣ ድረስ ያለውን አውጥቼ ጫፍና ጫፉን አጣበቅኩት። አባባ ይመጣል፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር ተቀምጦ የልጁን እግር እንዳያይ ብዬ ነው። ለራሴ ሃያ ሁለት ዓመት የነገርኩት ይህንን ነው።

እሁድ አባባ ኮቱን ለብሶ፣ ከሚሠራበት እንጨት ሥራ ቤት ሦስት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። "ልጄን ላሳያችሁ" ብሎ ፊት አስቀመጣቸው። ቦታው ደረሰ። የአከራይሽ ልጅ በሩ ላይ ቆሟል፤ አንቺ ቀሚስሽን ያዝሽ፤ ወዲያው ደግሞ በባዶ እግርሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ እንባሽን ትጠርጊያለሽ። አዳራሹ አበደ። አንዱ "ኧረ መሃሉን መልሱልን" ሲል፣ ሌላው ከኋላ "ሳንሱር ለብቻው በላው እኮ" አለ። ሦስቱ ሰዎች ጉልበታቸውን ያያሉ። አባባ በጨለማ ባርኔጣውን ፈልጎ አጠለቀና ወጣ።

የቀረውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሰው አራት አምስት ጊዜ እየተመለሰ ገባ። አንድ ወር ሳይሞላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፊልሙ ላይ ያልነበረውን ነገር አይቻለሁ ይል ጀመር። ባለ ፊልሙ ራሱ መጥቶ ማን እንደቆረጠው ጠየቀ። ማሽኑን የሚያጫውተው ሰውዬ ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ ወለሉ። ባለ ፊልሙ ግን "ማንም ይቁረጠው፣ እጁ ይባረክ" ብሎ ሌሎቹንም ኮፒዎች እንደዚያው አስቆረጣቸው። ላንቺ ሳንሱር ነው አለሽ።

ከዚያ "ባለተረከዟ" ሆንሽ። ፀጉር አስተካካዩ ቤት መስታወቱ ጎን፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ራስጌ፣ የትም እግርሽ ተለጥፏል። በየፊልሙ በር ገርበብ ይላል፤ አንቺ ጫማ ታወልቂያለሽ። ሐኪም ሆኜ ልጫወት ብለሽ ሲስቁብሽ "አንድ ጊዜ እንኳ ጫማ አድርጌ ብጫወት ምን ነበረበት?" ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ ስመልስልሽ ስለ ዝናቡ ጻፍኩልሽ። ቤት የመጣሽ ዕለት አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሲያዞርብሽ፣ ያልተከፈተ ሻንጣሽን እስከ አውቶቡሱ የተሸከምኩልሽ እኔ ነኝ። 

ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ ጋዜጠኛው "እስቲ ዛሬ እንኳ ንገሪን፣ እዚያ መሃል ምን ነበር?" አለሽ። አንቺም "እግሬን ነው የታጠብኩት" አልሽው። ሰውየው ሳቀ፤ ቆየት ብለሽ አንቺም አብረሽው ሳቅሽ። አባባ ሬዲዮውን ዘጋና "እውነቷን ነው?" አለኝ። እውነቷን ነው አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና "እግር መታጠብ ከሆነ፣ አንቺ ምን አየሽና ቆረጥሽው?" አለኝ።

ለእሱ አልመለስኩለትም። ላንቺ ግን ልንገርሽ። ያኔ ከሥራ ስመለስ ደጃፉ ላይ ሆኜ እግሬን እንዴት እንደምታጠብ ታስታውሻለሽ፤ አንገቴን ወደ ጎን ጣል አድርጌ፣ አንዱን እግር በሌላው እያሸሁ፣ ውሃውን በመዳፌ ቀስ እያልኩ። ፊልሙ ላይ አንዲት ሳታስቀሪ ወስደሽዋል። አንቺ ላይ ያምር ነበር። እኔ እንደዚያ ስታጠብ በሩ ላይ የቆመ ሰው ኖሮ አያውቅም።

አባባ ከዚያን ቀን ወዲህ አያናግረኝም። ምግቡን ሳቀርብለት ይቀበለኛል። ትናንት ብቻ "ጻፊላት፤ ትምጣልኝ። እንዳለ ጻፊው፣ ደግሞ እንዳትቆርጪ" አለኝ።

እንግዲህ ነይ። እኔን ማየት ካልፈለግሽ አልቀየምሽም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜም እንድገባ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ቁልፍ ጎረቤታችን ሴትዮ ጋ አስቀምጬልሻለሁ። አባባ ምሳ በስድስት ሰዓት ይበላል፤ ከዚያ ቀደም ብለሽ ብትደርሺ አብራችሁ ትበላላችሁ። ለሁለት ሰው ሠርቼ እወጣለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ። ያየሽ ዓይን ሁሉ በደግ ይይሽ።

ታላቅ እህትሽ