ስምንት እርምጃ ከኋላ፦ ስለ መምህርት ታየች ብዙነህ ዕረፍት

ሐምሌ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.። መምህርት ታየች ብዙነህ አረፉ።

የአሰብ የዓይነ ስውራን የመንገድ ትምህርት ጣቢያ መሥራችና ብቸኛ አሠልጣኝ የነበሩት መምህርት ታየች ያረፉት ሰኞ ቀትር ላይ፣ በሥራ ላይ እንዳሉ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። የአሰብ የሐምሌ ሙቀት ስለማያቆይ ቀብራቸው በዚያው ዕለት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተፈጸመ። ከሥጋ ዘመዶቻቸው አንድም ሰው አልደረሰም። አፈር ያለበሷቸው የጣቢያችን አባላት ናቸው፤ አብዛኞቹ መቃብሩን ያወቁት ጠርዙን በበትራቸው ነክተው ነው። ጣቢያችን የደረሰበትን ሀዘን ከዚህ በላይ መግለጽ አልቻለም።

ደብረ ሲና ለሚገኙት ታላቅ እህታቸው ለወይዘሮ ከበደች ብዙነህ መርዶው በሰው አፍ እንዲነገራቸው ለአካባቢው ትምህርት ቤት ኃላፊ በስልክ አደራ አልን። በሦስተኛው ቀን ቴሌግራም ደረሰን። አንድ ቃል ነው፦ «እንዴት?»

ይህ መግለጫ ለሠራተኞች፣ ለአባላትና ለአሰብ ሕዝብ የወጣ ቢሆንም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለዚያ ቃል መልስ ነው።

ስለ አጻጻፉ በኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር። ሰብሳቢያችን ጓድ ሣህሉ «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም ብለን እንለፈው፤ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚጽፈው እንደዚያ ነው» አሉ። የመምህርት ታየች የመጀመሪያ ተማሪ የነበሩት ወይዘሮ ሐኪማ ግን «ጓድ ሣህሉ፣ እህትየዋ እኮ ዓይን አላት፤ ታነበዋለች። እንዴት ብላ ጠይቃን፣ ሕመም ብለን እንመልስላት?» አሉ። ክርክሩ በዚሁ አበቃ።

ታኅሣሥ 1972። መምህርት ታየች ለዓይነ ስውራን የአቅጣጫና የእንቅስቃሴ ትምህርት የሚሰጥበትን ዘዴ በአዲስ አበባ ለአሥር ወራት ሠልጥነው፣ በአውሮፕላን አሰብ ገቡ። በሻንጣቸው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ተጣጣፊ ነጭ በትር ይበዛ ነበር። ማንንም ከማስተማራቸው በፊት ሃያ ቀን ሙሉ የገዛ ዓይናቸውን በጥቁር ጨርቅ አስረው ከተማዋን በበትር ዞሩ። ጧት የባሕሩ ነፋስ የትኛውን ጉንጭ እንደሚነካ፣ የበረዶ ፋብሪካው ሞተር እስከ የት እንደሚሰማ፣ ጎማ የሚጠገንበት ጎሚስታ ቢዘጋም በጎማው ሽታ እንደሚታወቅ ሁሉ መዘገቡ። በዚያን ጊዜ የወደብ ጫኝና አውራጅ የነበሩት፣ ዓይናቸውም ገና ያልጠፋው አቶ ዳርዊሽ «ደህና ሴት ነበረች፣ የአሰብ ፀሐይ መታት» ብለው በየሻይ ቤቱ ማውራታቸውን ዛሬ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

የካቲት 1972። ወይዘሮ ሐኪማ ተመዘገቡ። የራሔይታ ተወላጅ፣ ሰሌን ሠሪ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት የሰው እጅ ሳይዛቸው ከደጅ ወጥተው አያውቁም ነበር። መምህርት ታየች ክርናቸውን አቀረቡላቸውና «እኔ አልይዝዎትም፤ እርስዎ ይያዙኝ። ደስ ባልዎት ጊዜ ይለቁኛል» አሏቸው። ወይዘሮ ሐኪማ በአራተኛው ወር ለቀቋቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቱ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፦ «ድሮ እወሰድ ነበር፤ አሁን እሄዳለሁ።»

ጥቅምት 1973። ከአዲስ አበባ የመጣው በትር አሰብን አልቻላትም። ከአስፋልት ሲወጡ ጫፉ አሸዋ ውስጥ እየተቀረቀረ ባለቤቱን ሆዱን ይወጋው ነበር። መምህርት ታየች ሦስት ሳምንት ከአናጺ ጋር ተቀምጠው እንቁላል የሚያህል የእንጨት ድቡልቡል አስጠረቡ። ጫፉ ላይ ሲሰካ በትሩ አሸዋው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይገባም። ዛሬ ሃያ ሦስት አባሎቻችን የሚሄዱት በዚያ እንቁላል ነው።

ግንቦት 1974። አቶ ዳርዊሽ ዓይናቸው በሕመም ጠፍቶ በተራቸው ተማሪ ሆነው መጡ። ብስጭት ነበረባቸው፤ ብስጭታቸውንም የሚያወጡት በቀልድ ነው። በመምህርቷ ስም ሳያላግጡ የሚያልፍ ቀን አልነበረም። «ታየች ይሏታል! ማን አያትና ነው? እኔ እንደሁ አላየኋት!» ሲሉ፣ መምህርት ታየች «አንተ ካየኸኝማ ሥራ ፈታሁ ማለት ነው» ይሏቸው ነበር። ክፍሉ ይስቃል። ያ ቀልድ ከሐምሌ 9 ወዲህ በጣቢያችን አልተነገረም።

መስከረም 1975። መምህርት ታየች ሌሎች አሠልጣኞች እንዲወጡ ለአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጻፉ። የደብዳቤው ፍሬ ነገር «እኔ አንድ ቀን ብታመም አሥራ ዘጠኝ ሰው ቤቱ ሊቀመጥ ነው» የሚል ነበር። አራት መምህራን ከሰዓት በኋላ እየመጡ እንዲሠለጥኑ ተፈቀደ። ሁለቱ ወደ ደጋ ተዛወሩ፤ አንዷ ሙቀቱን አልቻሉም። የቀረው አንድ ነው፤ አሥራት ንዋይ፣ የጣቢያው ጸሐፊና የዚህ መግለጫ አርቃቂ።

ሥልጠናው ዓይን ያለውን ሰው ያለ ዓይን ማስኬድ ነው። ሠልጣኙ መቶ ሃያ ሰዓት ዓይኑን ታስሮ በበትር ይሄዳል። አሠልጣኟ በስምንት እርምጃ ርቀት ከኋላው ይከተላሉ። አይናገሩም። ኮቴያቸው እንዳይሰማ ሸራ ጫማ ያደርጋሉ፤ ሠልጣኙ ከኋላው ሰው እንዳለ ከሰማ በሰውየው ይሄዳል እንጂ በበትሩ አይሄድምና። አንገታቸው ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል። አደጋ ሲኖር ይነፉታል፤ ከተነፋ ጉዞው ተሰርዟል። በመጨረሻው ጉዞ ላይ ሦስት ጊዜ የተነፋበት ሰው ከሥልጠናው ይሰናበታል። ጨርቁ የሚፈታው መድረሻው ላይ አሠልጣኟ «መምህር፣ ደርሰዋል» ሲሉ ብቻ ነው። ቀድሞ የፈታ ወድቋል።

አሥራት ንዋይ ከዚያ ሰኞ በፊት በመጨረሻው ጉዞ ላይ ሁለት ጊዜ ተነፍቶበታል።

የመጨረሻው ጉዞ ከጣቢያው እስከ ፖስታ ቤት ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ነው። ሐምሌ 9 ሰዓቱን የመረጡት መምህርት ታየች ናቸው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ከወደብ የሚጭኑት ካሚዮኖች በዚያ ሰዓት ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹም መኪናቸው ሥር ይተኛሉ። መንገዱ ለታሰረ ዓይን ደህና የሚሆነው ያን ጊዜ ነው ብለው ነበር። ልክ ነበሩ። መኪና አልነበረም። ሰውም አልነበረም።

ሠልጣኙ ጎሚስታውን በጎማው ሽታ አወቀ፤ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ ሰባት ሰዓት ሲሆን የፖስታ ቤቱን ደረጃ በበትሩ ነካ። ቆመ። ቃሉን ጠበቀ። ቃሉ አልመጣም። የሚፈተነው ትዕግሥቱ መስሎት ጨርቁን አልፈታም። ነፋሱ አሸዋውን እያነሣ ፊቱ ላይ ይበትነው ነበር። እዚያ የቆመው ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደስ ብሎት ነበር። ይህም እንዲጻፍ ተወስኗል።

ጨርቁን ከዓይኑ ላይ የገፈፈለት የጎሚስታው ባለቤት ነው። ሱቁን ሊከፍት ሲመጣ መምህርት ታየችን ከግድግዳው ሥር ወድቀው አገኛቸው፤ ሰው ጠርቶ ካሳፈራቸው በኋላ ሠልጣኙን ፍለጋ ሮጠ። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ ምን ይገትርሃል? አስተማሪህ እኮ ወድቃለች!» ነበር ያለው።

ሐኪሙ ልባቸው በሙቀቱ እንደደከመና ብዙ እንዳልቆዩ ነግሮናል። ሸራ ጫማቸው ከእግራቸው አልወጣም። ፊሽካው በቀኝ እጃቸው ጭብጥ ውስጥ ነበር።

ነፍተውት ነፋሱ ወስዶት ይሆን? ጥያቄውን ለኮሚቴው ያቀረበው ሠልጣኙ ነው። የወይዘሮ ሐኪማ ቤት ከጎሚስታው ፊት ለፊት ነው፤ በዚያ ሰዓት በራቸውን ከፍተው ተጋድመው ነበር። የሰጡት ቃል በቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ሰፍሯል፦ «በትሩን ሰማሁት። አሥራት ነው፤ ወደ ግራ ሲወረውር ይረዝምበታል። ዛሬስ አለፈ ብዬ ደስ አለኝ። እሳቸውን አልሰማሁም፤ እሳቸውን ማን ሰምቷቸው ያውቃል? ፊሽካ ግን እዚያ ሰፈር ቢነፋ እኔ እሰማ ነበር። ወላሂ፣ አልተነፋም።»

ጓድ ሣህሉ «አቅም አንሷቸው ይሆናል» አሉ።

«ይሆናል» አሉ ወይዘሮ ሐኪማ። «ከአንገታቸው አውልቀው እጃቸው ላይ ለመያዝ ግን አላነሳቸውም።»

ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ወይዘሮ ከበደች፣ ለጥያቄዎ ያለን መልስ ይህ ነው። እህትዎ በቀትር፣ በአስፋልት ዳር፣ አንድ ሰው ከፊታቸው እየሄደ ወደቁ። የሚሄደው ሰው ዓይኑ ታስሮ ነበር። ሌላ ማንም አላያቸውም።

ኮሚቴው የቀትር ጉዞ እንዲቀር ወስኗል። ከእንግዲህ ጉዞው ማለዳ፣ መኪናም ሰውም መንገድ ላይ ባለበት ሰዓት ይሆናል። ሸራ ጫማም ቀርቷል፤ የሚከተል ሰው ኮቴው መሰማት አለበት። ይህ መምህርት ታየች ካስተማሩን ጋር እንደማይስማማ እናውቃለን። በሕይወት ቢኖሩ እንደሚከራከሩንም እናውቃለን።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። የምስክር ወረቀት ያለው አሠልጣኝ ከሌለ ጣቢያው በነሐሴ መጨረሻ ይዘጋል። ጓድ ሣህሉ «ሰውየው ፖስታ ቤት ደርሷል፤ ወረቀቱን ሞልተን እንስጠው» ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ሠልጣኙ አልቀበልም አለ። «መምህር፣ ደርሰዋል» ያለው ሰው የለም። መላውን ያመጡት አቶ ዳርዊሽ ናቸው። «አንተ አሥራት፣ እኛ ሁለት ዓመት ስንከተላት የኖርነው በዓይናችን ነበር እንዴ? ሐኪማ ትከተልህ። አንተ ስትሳሳት ከዚህ ሆኜ እንኳ ይሰማኛል፤ እሷ ስምንት እርምጃ ላይ ሆና ልታጣው ነው?» ጓድ ሣህሉ እንዲህ ያለ ነገር በመመሪያው ላይ እንደሌለ ተናገሩ። ቀጥለውም ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፉት፣ ሁላችንም ፈረምን፤ መፈረም የማይችሉት በጣታቸው።

ጣቢያችን ለእህታቸው ለወይዘሮ ከበደች፣ አፈር ሲለብሱ ላልደረሱት ዘመዶቻቸው ሁሉ፣ በአሰብ ለሚገኙ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ትናንት ያለ እሳቸው ወደ ክፍል ለተመለሱት ሃያ ሦስት ተማሪዎቻቸው መጽናናትን ይመኛል። የመምህርት ታየች ነጭ በትር፣ የእንጨቱ እንቁላልና ፊሽካው ከዚህ መግለጫ ጋር ለእህታቸው ሊላኩ ነበር። ወይዘሮ ሐኪማ ፊሽካው ለአንድ ቀን እንዲቆይ ስለጠየቁ በሚቀጥለው ፖስታ ይደርስዎታል።

ዛሬ ሐምሌ 14 ቀን ነው፤ ከጧቱ አንድ ሰዓት። ካሚዮኖቹ ከወደብ መውጣት ጀምረዋል። ይህ መግለጫ ማኅተም ተመትቶበት ፖስታ ቤት መድረስ አለበት፤ የሚያደርሰው ጸሐፊው ነው። የማኅተሙን መሳቢያ ጓድ ሣህሉ ቆልፈውት ሄደዋል፤ እስከ ሦስት ሰዓት አይመጡም። ጥቁሩ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወይዘሮ ሐኪማ ከጎረቤት ተረከዝ ያለው ጫማ ተውሰው ደጁ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ እያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል።

«መምህር፣ ፀሐይዋ እየበረታች ነው» አሉኝ አሁን።

ማኅተሙ ይቅር። ወጣሁ።