ከባሕር ወጥተው ስለፈረሙልኝ ወኪልዎ

ለተከበሩ የቅጥር ኤጀንሲው ዲሬቶሬ
ሚላኖ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ ከተቻለም ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው ያገኝዎት ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዘመናይ ረዘነ የምኖረው ሮማ፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ነው። ኦስቲያ ላለ ሆቴል ክፍል አጽጂ አድርጋችሁ ስለቀጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ ሊያልቅ ተቃርቦ ስለነበር ለእድሳቱ የሥራ ኮንትራቶው የግድ ያስፈልገኝ ነበር።

አንደኛ፦ ከሚላኖ መምጣት እንዳይደክማችሁ፣ ፔርሜሶዬን በዓይናቸው አይተው የመሥራት መብቴን የሚያረጋግጡ ሕጋዊ ወኪል ሮማ ውስጥ ስለሾማችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሲኞር ፋብሪትሲዮ ይባላሉ፤ ቢሯቸው ቲቡርቲና ነው። በቀጠሯችን ቀን ግን ወኪልዎ የራሳቸውን ወኪል አስቀምጠው ጠበቁኝ፦ ጎን ያለው ጸጉር ቤት ባለቤት የሆኑትን እህታቸውን፣ ሲኞራ ኦርኔላን።

ሁለተኛ፦ ሲኞራ ፎቶዬንና ፊቴን ደጋግመው አስተያዩና፣ "አሎራ፣ ፎቶው ላይ ጸጉርሽ ተተኩሷል፤ አሁን ሹሩባ ነው። አንቺን አይመስልም" አሉኝ።

"ሲኞራ፣ ፊቱ እኮ የእኔ ነው" ብላቸው፣ "ፊት የእኔ ሥራ አይደለም" አሉ።

ስለዚህ ሹሩባዬን ፈትተው፣ ተኩሰው፣ ፎቶዬን ካስመሰሉኝ በኋላ እኔ እኔ መሆኔን በኤጀንሲዎ ቅጽ ላይ በፊርማቸው አረጋገጡ። መሥሪያ ቤትዎም "ፊርማው የወኪላችን አይደለም" ብሎ መለሰው፤ እስከ ነገ ካልተስተካከለ ቦታዬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም በትሕትና አስታወቀኝ።

ከዚህ በኋላ፣ ክቡር ሆይ፣ ቁጥር መስጠቱ ጠፋኝ። ሲኞር ፋብሪትሲዮ ኦስቲያ እየዋኙ እንደሆነ እህታቸው ስለነገሩኝ፣ ባቡር ውስጥ እንባዬን እየጠረግሁ ወደዚያው ወረድኩ። ፔርሜሶዬን ከፍ አድርጌ ይዤ ውሃው ዳር ቆሜ ስማቸውን ተጣራሁ። በመዋኛ ቁምጣ ብቅ አሉ።

"ዛሬ እረፍት ላይ ነኝ።"

"እኔ ደግሞ ነገ ሥራ ላይ ነኝ፤ እርስዎ ካላዩልኝ ግን አይደለሁም" አልኳቸው።

ሳቁ። እጃቸውን በነጠላዬ ጠረጉ፣ ፔርሜሶውን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ "ቫ ቤኔ" ብለው ቅጹ ላይ ፈረሙ። ይኸው ነበር፤ ያን ሁሉ ያስለቀሰኝ ነገር ይኸው ነበር። በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

ስለ ጥብቅ ጥንቃቄዎ ዘወትር የማመሰግንዎ፣ ራሴ ስለመሆኔ የሁለት ሰው ፊርማ ያለኝ፣
አክባሪዎ ዘመናይ ረዘነ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ቅዳሜ ሆቴላችን ሊያድሩ መጥተው፣ መታወቂያዎን ሚላኖ ረስተው ስለነበር እንግዳ ተቀባዩ ክፍል አልሰጥም ብሎዎት ነበር። እርስዎም ወደ እኔ እያመለከቱ "እሷን ጠይቋት፣ ሠራተኛዬ ናት፣ ታውቀኛለች" ብለዋል። እርስዎ እርስዎ መሆንዎን ባረጋግጥ ምንኛ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ውክልና ስላልሰጡኝ ፎጣዎቼን ይዤ አለፍኩ።