የዓይን ማረፊያ

ነሐሴ 9
ወረታ ከገባሁ ስድስተኛ ቀኔ። ልብስ አጠብኩ፤ በዚህ ዝናብ የት ይደርቃል? መውለጃዬን የምጠብቅበት የጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ አራት አልጋ አለው። ሦስቱ ባዶ ናቸው። አማቴ እማማ ደብሬ አድርሰውኝ በማግስቱ ተመለሱ። ባሌ ዘመኑ ከቀያችን ከቁሐር ደወለ።
"ጎርፉ ደጃፍ ደርሷል። ከብቶቹን ወደ ከፍታው እያወጣሁ ነው።"
"መቼ ትመጣለህ?"
"ሲጎድል።"
ለላሞቹ ጊዜ አለው... ለእኔስ?

ነሐሴ 11
አዋላጇ ሲስተር መባ ስለ መጀመሪያው ልጄ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሁለት ዓመት ሆነው። ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አማጥኩ... ወንድ ነበር። አላለቀሰም። እኔ ራሴን ስቼ ነበር፤ መልኩን እንኳ አላየሁም።
"ምጡን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም" አልኳት።
"ዓይንሽን የምታሳርፊበት አንድ ነገር ምረጪ። ምጡ ሲመጣ ዓይንሽን ከእሱ ላይ አትንቀዪ፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ከጨፈንሽም የምትወጂውን ቦታ አስቢ።"
"ሕመሙ ይጠፋል?"
"አይጠፋም። ግን ይዞሽ አይሄድም።"
መስኮቱ ላይ የደረቀ የቀለም ጠብታ አለ፤ ባቄላ ያህላል። እሱን መረጥኩ።

ነሐሴ 13
ጠብታውን ሳይ ዋልኩ። ሰው ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። የዘመኑ ስልክ ዝግ ነው።

ነሐሴ 16
ትናንት ጠዋት ምጡ ጀመረኝ። ማዋለጃ ክፍል አስገቡኝ... ጠብታው ማቆያው መስኮት ላይ ቀረ! ይህን እንዴት አላሰብኩም? ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ነጭ። ጮህኩ።
"ወዲህ፣ አለሁልሽ! ቁልፌን እዪ!" አለች ሲስተር መባ።
የጋዋኗ ሁለተኛ ቁልፍ። ክሩ ላልቷል። ሲመጣ እሱን ብቻ አየሁ። ሲሄድ ተነፈስኩ። ከቀትር በኋላ ሲብስብኝ ግን ጨፈንኩ። የሩዝ ማሳችን ታየኝ። ነፋሱ ከጣና በኩል ሲመጣ ሩዙ ጎንበስ ይላል፤ ሲያልፍ ቀና ይላል። ጎንበስ... ቀና... አመመኝ፣ እጅግ አመመኝ። ግን የት እንዳለሁ አውቅ ነበር።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀሰች። ሴት ናት። አየኋት!
ለማን ልንገር? ደወልኩ። ዝግ።

ነሐሴ 18
ዘመኑ መጣ። እስከ ጭኑ ጭቃ። በር ላይ ቆሞ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ ያወራል። ልጅቱን ቀና ብሎ አላያትም። ተናደድኩ።
"ሴት ስለሆነች ነው?"
"አይደለም።" የእግሩን ጭቃ በእጁ ጠረገ። "የዚያኛውን ልጃችንን ፊት አይቼዋለሁ። ጠቅልዬ ወስጄ የቀበርኩት እኔ ነኝ... ብቻዬን።"
ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላነሳውም። የረሳው መስሎኝ ስንት ቀን አኮረፍኩት...
"ማንን ይመስል ነበር?"
"አንቺን።"
አጠገቤ አስቀመጥኩት። ልጅቱን ጭኑ ላይ አኖርኩለት። መጀመሪያ እግሯን አየ። ከዚያ እጇን። ፊቷ ላይ እስኪደርስ ብዙ ቆየ። አላጣደፍኩትም።