ወደ ወንጌላዊት የሄዱብኝ ሰዎች

ጥቅምት 12 ቀን 2007

ዛሬ ዕጣ ወጣ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚው ላይ ተደርድረው። አርባ ሁለት ሰው። ግማሹ የደም ግፊት፣ ግማሹ ስኳር ያለበት። ሃያ አንዱ ለእኔ፣ ሃያ አንዱ ለክፍል ጓደኛዬ ለወንጌላዊት።

የማስተርስ ጥናታችንን እንዲህ የከፈሉት አማካሪያችን ዶክተር ታረቀኝ ናቸው። ሁለታችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሐኪም "ተንቀሳቀስ" ያለው ሰው ለምን ይጀምራል፣ ለምን ይተዋል? የእኔዎቹ ለየብቻቸው ይራመዳሉ። ወገባቸው ላይ የእርምጃ መቁጠሪያ፣ መመዝገቢያ ደብተር፣ በሳምንት አንድ ቀን የእኔ ስልክ። የእሷዎቹ በቡድን፣ ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ።

ለየብቻ የሚለውን የመረጥሁት ራሴ ነኝ። ብቻውን የጸና ሰው ነው ጸና የሚባለው። አምበር ከተማ ስድስት ዓመት ስፖርት ሳስተምር ያየሁት ይሄንን ነው... ፊሽካው ዝም ሲል ሁሉም ይቆማል።

ወንጌላዊት ዕጣ ስታወጣ እንኳ አሳቀቻቸው። ምን ብላ ነው? አልሰማሁም። የእኔዎቹም ሳቁ።

ጥቅምት 26

መቁጠሪያና ደብተር አደልሁ። ከሰዎቼ ሁለቱን ወደድኋቸው።

አንዷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ግፊት። ሁለት ላም አላቸው፣ ቅቤና አይብ ይሸጣሉ። ሌላው የኔታ አካለ ወልድ። ደብረ ወርቅ ተምረው እዚህ ቅኔ ያስተምራሉ። ስኳር። መቁጠሪያውን ገለባብጠው አዩት።

"ይኼ እርምጃዬን ይቆጥራል?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ወዴት እንደምሄድስ ያውቃል?"

"እሱን አያውቅም።"

"እንግዲያ ከተማሪዎቼ አይሻልም" አሉ። ወገባቸው ላይ ግን አሰሩት።

ኅዳር 10

ሴሚናር ነበር። ዶክተር ታረቀኝ የእኔን ገጽ በገጽ ጠየቁ። የወንጌላዊትን ሁለት ቅጠል ገለጥ አደረጉና፣ "ይኼ ነው ሕይወት ያለው ሥራ" አሉ።

ሕይወት ያለው... የእኔውስ?

ማደሪያዬ ገብቼ የሁለታችንን ዋቢ መጻሕፍት ቆጠርሁ። እኔ ሰባ አራት፣ እሷ ሠላሳ አንድ። ለምንድን ነው የቆጠርሁት?

ኅዳር 29

አምስተኛ ሳምንት። አራት ሰው ስልክ አያነሣም። ሦስቱ "አዝመራ ነው፣ ሥራ በዛብን" አሉ። "በዚህ ሳምንት ለመራመድ ፍላጎት ነበረኝ" የሚለውን ጥያቄ ከአምስት አንድና ሁለት እየሰጡ ይመልሱልኛል።

ካፍቴሪያ ወንጌላዊትን አገኘኋት። "የኔዎቹ እየበዙብኝ ተቸገርሁ" አለችኝ። ተቸገርሁ ትላለች። እናቷ ከደጀን የላኩላትን ቆሎ ዘረጋችልኝ። በላሁ። ጣፈጠኝ። መጣፈጡም አናደደኝ።

ታኅሣሥ 13

ወይዘሮ ጥሩነሽ፦ ሐሙስ አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ። ዓርብ አሥራ ሁለት ሺህ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሺህ ተኩል። ደብተራቸውን ለዶክተር ታረቀኝ አሳየኋቸው። "ጎሽ፣ የብርጓል" አሉኝ። ወንጌላዊት አጠገቤ ነበረች። ዞር ብዬ አየኋት። ሰማች? ሰምታለች።

ዛሬ ምሳ ጣፈጠኝ።

ታኅሣሥ 17

ሳልናገር ወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ሄድሁ። ፎቶ አንሥቻቸው ጽሑፌ ውስጥ ላስገባቸው ነበር።

በር ላይ ተቀምጠው ወተት ይንጣሉ። ለገና ቅቤ እያጠራቀሙ። መቁጠሪያዬ የት ነው? የመናጫው ቅል አንገት ላይ ታስሯል። ቅሉ ወዲያ ወዲህ ባለ ቁጥር ይቆጥራል... ቁጥሩ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ።

እጃቸው ቆመ።

"አይራመዱም ማለት ነው?" አልሁ።

"እራመዳለሁ እንጂ ልጄ። በየቀኑ።"

"የት?"

"ከወንጌላዊት ጋር ነው የምሄድ።" መሬት መሬት እያዩ። "ብቻዬን መንገድ ለመንገድ ስዞር፣ 'እሷ ምን ነካት' ሲሉ ሰማሁ። እዚያ ግን ብዙ ሆነን ስንሄድ የሚስቅብን የለም። መቁጠሪያሽን አስሬ ብሄድ ደግሞ ያንቺን ለእሷ የሰጠሁ መሰለኝ። ባዶውን ብመልሰው ይከፋሻል ብዬ..."

ይከፋሻል ብዬ።

ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በእጄ ይዤው ወጣሁ።

ታኅሣሥ 18

ጧት ሜዳው አጥር ጥግ ቆምሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሃያ አንድ መሆን ነበረባቸው። ሠላሳ ሦስት ቆጠርሁ። ስምንቱ የእኔ ናቸው፣ የቀሩት እንዲሁ ከሰፈር የመጡ። ስልክ የማያነሡት አራቱ አሉ። የኔታም አሉ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ከሁሉ ፊት።

ወንጌላዊት መሐላቸው ናት። ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች። የሁሉንም ስም ታውቃለች። እኔ የማውቀው ቁጥራቸውን ነው። ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ...

ባል ቢሄድብኝ እንዲህ የምሆን አይመስለኝም።

ታኅሣሥ 20

ተናገርኋት። ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ።

"ሰዎቼን ወሰድሽብኝ።"

"የትኞቹን?"

ስማቸውን ከደብተሬ አነበብሁላት። ፊቷ ተለወጠ። የምር አላወቀችም ነበር? ወይስ አውቃ ነው?

"ከዝርዝሬ ውጭ የመጣውን አልመዘግብም። ጥናቴ ውስጥ የሉም" አለች። "ግን ልራመድ ብሎ የመጣን በሽተኛ ተመለስ ልበለው?"

"አዎ።"

"እኔ አልችልም። አንቺ መጥተሽ ንገሪያቸው።"

ጥያት ሄድሁ። ልክ ስለሆነች ነው መሰል የበለጠ የጠላኋት።

ጥር 6

የኔታን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከወንጌላዊት ጋር መሄዳቸውን እንዳወቅሁ ያውቃሉ። አልሸሹኝም። ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

"እንዴት ነው ሥራው፣ ቀንቶሻል ወይስ ቀንተሻል?" አሉኝ።

የአንዲት ፊደል ነገር... ሳቅሁና አለፍሁ። ቤት እስክደርስ ፊቴ ይነድ ነበር።

ጥር 10

ዛሬም አጥሩ ጥግ ሄድሁ። ሠላሳ አምስት ሆነዋል።

ጥር 15

ከሰዓት በኋላ ገዳሙ የሚባል ሰው ደወለ። የሜዳው ጥበቃ። "የወንጌላዊት ስልክ አይሠራም። ነገ ሜዳው ለውድድር ኖራ ይቀባል፣ በሩ አይከፈትም። ሰዎቹ በከንቱ እንዳይመጡ ንገሪልኝ" አለ።

እሺ አልሁት።

ወንጌላዊት የምትኖረው ከእኔ ሁለት ግቢ አልፎ ነው። ጫማዬን አደረግሁ። አወለቅሁ።

ምን ይሆናሉ? በሩ ዝግ ሲሆን ተመልሰው ይገባሉ። አንድ ቀን እንኳ ቢያጉረመርሙባት...

ጥር 16

አልተመለሱም። በሩ ሲዘጋባቸው በወንዙ ዳር እንሂድ ተባባሉ። ውርጭ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ድንጋይ አንሸራተታቸው። ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰበረ።

ሌላ ምንም መጻፍ አልችልም።

ጥር 18

ወንጌላዊት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ገዳሙ ለየብርጓል ነግሬያለሁ አለኝ።"

"ረሳሁት" አልሁ። አፌ ላይ ዝግጁ ነበር።

"ይሁን፣ ሰው ይረሳል" አለች። አመነችኝ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

ዶክተር ታረቀኝ ቡድኑን አስቁመውባታል። "መንገዱን ሳታዪ ሕሙማን ለምን ወሰድሽ" ተብላ ኮሚቴ ፊት ልትቀርብ ነው። ጥናቷ ሊሰረዝ ይችላል። ይኸው፣ የተመኘሁት። ደስ አለኝ? ልቤን ፈተሽሁት። አንድ ጥግ ላይ ደስታ የሚመስል ነገር አገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወረደልኝም።

ጥር 19

ብርቱካን ይዤ ወይዘሮ ጥሩነሽን ልጠይቅ ሄድሁ። እጃቸው በጀሶ ታስሯል። ጎረቤት ናት ላሞቹን የምታልብላቸው።

"ያቺ ልጅ ታለቅሳለች አሉ" አሉኝ። "ጥፋቱ የእሷ አይደለም በያት። ጫማዬ ነው፣ አሮጌ ነው።"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልሁ።

"የምን ያንቺ?"

ነገርኋቸው። የገዳሙን ስልክ። ጫማዬን ያወለቅሁትን። አጥር ጥግ ቆሜ ስቆጥራቸው መክረሜን። ጀሶውን በግራ እጃቸው ይዘው ሰሙኝ። ሲበቃቸው፣

"ሂጂ ለእሷ ንገሪ። ለእኔ ተናግረሽ አይቅለልሽ" አሉ።

ዳቦ አልቆረሱልኝም።

ጥር 20

ነገርኋት። በሯ ላይ ቆሜ። ግቢ አላለችኝም።

"አልረሳሁትም። አውቄ ነው።"

"ለምን?"

"ቀንቼ።"

በሩን በእጇ እንደያዘች፣ "ዶክተር ጎሽ ያሉሽ ቀን እኔም ቀንቻለሁ" አለች። "ማደሪያዬ ገብቼ አለቀስሁ። ግን ሰው አልሰበርሁም።"

በሩን ዘጋችው።

ከዚያው ወደ ዶክተር ታረቀኝ ቢሮ ሄድሁ። ሦስተኛው ከሁለቱ ይቀላል ብዬ ነበር። አይቀልም።

የካቲት 3

ደብዳቤ ደረሰኝ። የወንጌላዊት ቡድን ይቀጥላል። የእኔ ጥናት ተሰርዟል። ከባድ ማስጠንቀቂያ፣ አዲስ ርዕስ፣ ከጓደኞቼ ጋር አልመረቅም።

"ከዚህም የከፋ ይቻል ነበር" አሉ ዶክተር ታረቀኝ። "ራስሽ መጥተሽ መናገርሽ ነው ያተረፈሽ። አዲስ ርዕስ አለሽ?"

"አለኝ። ስምንቱ ለምን ከእኔ እንደሄዱ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "መልሱን ትችይዋለሽ?"

አላውቅም አልሁ። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።

መጋቢት 11

ስምንቱንም ቤታቸው እየሄድሁ እያነጋገርሁ ነው። ድምፅ መቅረጫ ይዤ። እጠይቃለሁ፣ ዝም እላለሁ። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

ቁጥር ሰባት። አይ... ጋሽ ጥሩብርሃን። ጡረታ የወጡ ሹፌር። "ስትደውይ 'ስንት እርምጃ' ነው የምትይ። አንድ ቀን እንዴት አደሩ ብለሽኝ አታውቂም" አሉ። እንዳሉት ጻፍሁት።

የኔታ ደግሞ፣ "በጾም ስግደት አለ። መቶ የሰገድሁ ዕለት መቁጠሪያሽ አርባ ይለኛል። ድካሜን ለማያውቅ ዕቃ ምን ብዬ ልታዘዝ?"

በሰባ አራቱ ዋቢዎቼ ውስጥ ስግደት የሚል አንድ መስመር የለም። እዚሁ ተወልጄ፣ ከእናቴ ጎን ስሰግድ አድጌ... እንዴት አላሰብሁትም?

ሰኔ 18

ወንጌላዊት ጥናቷን አቀረበች። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁ። ከሃያ አንዱ አሥራ ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል። ውጤቷ "እጅግ በጣም ጥሩ"። አጨበጨብሁ። ወጋኝ፣ አሁንም። እጄ ግን አላቆመም።

ከጥር ወዲህ ሰላም ትለኛለች፣ ታልፋለች። ባሕር ዳር ሥራ አግኝታለች አሉ።

ሐምሌ 4

ደወለች። ስሟን ስልኬ ላይ ሳይ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ።

"ሰኞ እሄዳለሁ። ቡድኑን የሚይዝ የለም። ትይዥዋለሽ?"

"እኔ?"

"ይቅር ብዬሽ አይደለም። ገና ነኝ። ግን ይበተናሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው አንቺን ያሉ።"

እሺ አልሁ። ሌላ የምለው ነበረኝ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ሐምሌ 7

ጭቃ፣ ካፊያ። ሃያ ስድስት ሰው መጣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጃንጥላ ይዘው ቀድመውኛል። የሁሉንም ስም በአፌ ጠራሁ። ሁለቱን ተሳሳትሁ፣ አረሙኝ።

ፊታቸው ቆሜ ማሟሟቂያ ጀመርሁ። አንገት፣ ትከሻ፣ ክንድ። አምስት ደቂቃ አልሆነም፣ አንዷ ሴት፣ "ወንጌላዊት እንዲህ አልነበረም የምታደርገን" አለች። "አዎ፣ እሷ ሌላ ነው" አሉ ሌሎቹ። ክፋት የለበትም። ናፍቃቸው ነው።

መጣ። ያው ቅናት፣ እዚያው ደረቴ ላይ፣ ቦታውን አውቆ።

"እሷ እንዴት ነበር የምታደርግ?" አልሁ።

እርስ በርስ ተያዩ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጃንጥላቸውን ለጎረቤታቸው ሰጡና ከመስመሩ ወጡ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። የቀኙ እስከ መጨረሻ አይዘረጋም።

"እንዲህ" አሉኝ።

ከኋላቸው ገብቼ እጄን አነሣሁ።