ገመዱን የያዘው እጅ

እሁድ፣ ግንቦት 14፣ ከምሳ በኋላ

የኔ ልጅ፣ የኔ ሆድ፣

እንዴት ነሽ? ትምህርቱስ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ እንደ ልማዱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ፍለጋ ቤቱን ሲያምስ ይውላል። ልብስ ስፌት ቤቱም ሥራ በዝቶበታል፤ የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ዘንድሮ ባንድ ጊዜ ያደገ ነው የሚመስለው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ዳማው ፈረሳችን ነው። ከሄድሽ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ ጠይቀሽኝ አታውቂም፤ እኔም እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ካልነገርኩሽ ሆዴ አይችልም።

ያን ዝናባማ ቀን ከእሱ ላይ ከወደቅሽ በኋላ ትከሻሽ ሲድን ሁለት የዝላይ ውድድር ገባሽ፤ ሁለቱንም ጊዜ የመጀመሪያው መሰናክል ፊት ቀጥ ብሎ ቆመ። ኮርቻውን አውርደሽ፣ "ፍርሃቴ ተጋብቶበት ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ፈረስ ላይ አልወጣሽም። እኔም ያልሽውን አመንኩ፤ ይቅር በይኝ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ክለቡ ለእንስሳት ሐኪሙ ልጅ እንድትጋልበው ሰጣት፤ ጣራ ቢደረመስ የማትደነግጥ ልጅ ናት። ልምምድ ላይ ሲዘል ብታይው! ውድድር ሜዳ ሲገባ ግን ያው፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ድርቅ። ያላደረግነው የለም። አግዳሚውን ዝቅ አደረግንለት፣ እንጨቱን መሬት ላይ አጋድመን በላዩ አራመድነው፣ ጩኸት ይልመድ ብለን ጋጣው ውስጥ ሬዲዮ ከፈትንለት። ሬዲዮውን ወደደው፤ ከመሰናክሉ ፊት ግን ወይ ፍንክች! በመጨረሻ የክለቡ ኃላፊ ጠርቶኝ፣ "አንድ ጊዜ ደግሞ ከቆመ ለጋሪ ይሸጣል፤ ምንም ማድረግ አልችልም" አለኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ አልደብቅሽም።

አባትሽ ሊያባብለኝ እጄን ሲይዝ መዳፌ ላይ ሰንበር አየ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ገመድ ነዋ! የፈረስ ጠባቂ እጅ ምን እንዲመስል ፈለግህ?"

"ፈረስማ በየቀኑ ትጠብቂያለሽ። ይሄ የሚወጣብሽ ግን ከውድድር ስትመለሺ ብቻ ነው። ቅባት የምቀባሽ እኔ አይደለሁ?"

ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት ከእኔ ጋር ኖሮ ኮርቻና ልጓም የማይለይ ሰው! በማግስቱ ግን ጋጣውን ስጠርግ ነገሩ ይብላላብኝ ጀመር። ለልምምድ ሲሆን ጋላቢዋ ራሷ ይዛው ትወጣለች። ለውድድር ግን እስከ ሜዳው በር የምስበው እኔ ነኝ። በሩ ጋ ስንደርስ ገመዱን አገጩ ሥር አሳጥሬ አንቄ እይዛለሁ፤ ትንፋሼንም እይዛለሁ። አንቺ ከወደቅሽ ጀምሮ። እሱ ሞኝ አይደለም፤ ከውርንጭላነቱ ያሳደገችው ሴት ከፈራች እዚያ ውስጥ አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ ማለት ነው።

ልሞክረው ብዬ ወደ ልምምዱ ሜዳ በር ወሰድኩት። እጄን ላላ ላድርግ ብል እምቢ አለኝ። እሱም ቆመ።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ውድድሩ ላይ ገመዱን ለአባትሽ ሰጠሁት። "አብደሻል እንዴ?" አለኝ፤ ግን ተቀበለኝ። ገመዱን እንደ ዣንጥላ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ስለ አንድ ደንበኛው ዚፕ ለፈረሱ እያወራለት ሄደ። ዳማው ሲያዛጋ አየሁት። እኔ ውሃ ገንዳው ጋ ቀረሁ፤ ለሜዳው ጀርባዬን ሰጥቼ መስማት ብቻ። ኮቴው ሲመታ እየሮጠ ነው፤ ዝም ሲል አየር ላይ ነው። መሰናክሉ አሥር ነው። አሥር ጊዜ ዝም አለ።

አንድ እንጨት ጥሎ ስድስተኛ ወጣ። ኃላፊው፣ "በይ እንግዲህ፣ ጋሪው ቀርቷል" ብሎኝ አለፈ። አባትሽማ ከዚያ ወዲህ አሰልጣኝ ሆኖልሻል፤ ወሬው አይቻልም።

አየሽ፣ አላበላሸሽውም። አንቺ አልነበርሽም፣ የኔ ልጅ።

ስትሄጂ አውቶቡሱ በር ላይ፣ "እማ፣ እጄን ልቀቂኝ፣ አመመኝ" ብለሽኝ ነበር። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ሰሞኑን እሱም ትዝ ይለኛል።

ለእረፍት ስትመጪ ብትፈልጊ ትጋልቢዋለሽ፣ ባትፈልጊ ካሮት ትሰጪዋለሽ፤ እንደ ልብሽ። የምትጋልቢ ከሆነ ግን በሩ ድረስ የሚወስድሽ አባትሽ ነው። እኔ ውሃ ገንዳው ጋ ሆኜ እሰማለሁ።

እግርሽ የረገጠው ሁሉ ይመችሽ፤ ክፉ አይንካሽ።

እናትሽ